አውራ ያለውና አውራ የሌለው፦ ንብና አንበጣ በአንድ ማሳ

መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ ሲኖር ምግቡ አንበጣና የበረሃ ማር እንደነበረ ወንጌል ይናገራል። ከጥንት የምሥራቅ አበው አንዳንዶቹ አንበጣውን እንዳለ መቀበል ስለከበዳቸው የዛፍ ለጋ ጫፍ ማለት ነው ብለው ተርጉመውታል። ስለ ማሩ ግን ያን ያህል የተጨነቀ የለም። አንበጣ ቅዱስ ሰው አፍ ውስጥ መግባቱ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ማር አይፈልግም።

ይህ አድልዎ በኢትዮጵያ ታሪክም ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ሁለቱ ነፍሳት ግን በአንድ ማሳ ላይ ነው የሚገናኙት። ከራያ እስከ ሐረርጌ በተዘረጋው የምሥራቅ ተዳፋት ማሽላ የሚዘራ ገበሬ በማሳው ዳር ባለ ግራር ላይ ወይም በቤቱ ታዛ ሥር ቀፎ ይሰቅላል። ቋንቋውም ለሁለቱ ያለው ስም አንድ ነው፤ የንብ መንጋ ይባላል፣ የአንበጣ መንጋም ይባላል። ያም ሆኖ ንብ በነገሥታት ልደት፣ በቅኔ፣ በግብር አዳራሽና በምርጫ ምልክት ላይ ስትገኝ አንበጣ የሚነሣው መቅሠፍት ሲቆጠር ብቻ ነው። ምክንያቱ አንዷ ማር መስጠቷ፣ ሌላው እህል መብላቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አጭር ነበር። ከዚያ ያለፈ አለ፤ ንብ አውራ አላት፣ አንበጣ የለውም።

አውራ ዶሮ፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና እንደሚባለው ቃሉ ዋናንና ቀዳሚን፣ ብዙ ጊዜም ወንድን ያመለክታል። ባላገሩ በቀፎው መካከል ያለችውን ረጅም ንብ አውራ ሲላት ኖሯል፤ ንግሥት የሚለው ስም በኋላ ከዘመናዊ የንብ እርባታ ትምህርት ጋር የተስፋፋ ነው። በዚህ ኢትዮጵያ ብቻዋን አልነበረችም። አሪስቶትልም ስለ ቀፎው ንጉሥ ጽፏል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንዱ ያን ስዋመርዳም በማጉያ መነጽር ሥር ከፍቶ እንቁላል ማፍሪያዋን እስኪያሳይ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ጾታዋ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ንጉሥ ያለው አገር ሁሉ ወደ ቀፎ ሲመለከት የሚያየው የራሱን ቤተ መንግሥት ነበር።

በኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ የታወቀው የላሊበላ ትውፊት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ይህ ንጉሥ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው ከበቡት፤ እናቱም ይህን አይታ ንቦች ንግሥናውን አወቁ አለች፤ ስሙም ከዚያ ወጣ ይባላል። ትረካው የዋዛ አይደለም። ሕፃኑ ገና አልነገሠም፣ ዙፋኑ የወንድሙ ነው፣ የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ራሱ በኋላ በመጡት የሰሎሞናዊ ነገሥታት ዘንድ በሕጋዊነቱ ሲጠረጠር የኖረ ነው። ሰው ያልመሰከረውን ንብ ትመሰክራለች። ንብ የራሷን አውራ የምታውቅ ፍጥረት ናትና፣ የሰውንም አውራ ብታውቅ ማን ይከራከራታል? ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ ንብን የምርጫ ምልክቱ አድርጎ ቀረበ። ነገሥታትን የሚያወግዝ ድርጅት ቢሆንም ለገዢ የምትመቸውን ምልክት ለመምረጥ አልተቸገረም፤ ትሠራለች፣ ታከማቻለች፣ አትጠይቅም፣ የነካትንም ትናደፋለች።

ንብ በአገሩ ኑሮ ውስጥ የገባችው በምልክትነት ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ያለ ጧፍ አይሆንላትም፤ ጧፍም ያለ ሰም የለም። ቅኔው ራሱ ሰምና ወርቅ ተብሎ የተሰየመው አንጥረኛ በሰም ቅርጽ ሠርቶ፣ ሰሙን አቅልጦ አውጥቶ፣ ወርቁን ከሚያፈስበት ጥበብ ነው። እንዲህ ከተባለ የሊቃውንቱ ሁሉ ኩራት በስድስት ሳምንት ዕድሜ የምትሞት አንዲት ሠራተኛ ንብ ከሆዷ ባወጣችው ቅርፊት ላይ የቆመ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የማሩን ብዛትና በባላገሩ ቤት ውስጥ ያሉትን ቀፎዎች ሳይጠቅስ አላለፈም። ማሩ ግን ባላገሩ ቤት አይቀርም ነበር። በጉንዶ እየተለካ ለባለ ጉልቱ፣ ለገዢው፣ ለቤተ መንግሥቱ ይገባል። ጠጅ የመኳንንት፣ ጠላ የባላገር መጠጥ ሆኖ ለብዙ ዘመን የቆየው ሰው በጣዕም ስለተለያየ ሳይሆን ማሩ በግብር መልክ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። በምኒልክ ግቢ ጠጅ ቤቱ ራሱን የቻለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በአንድ የግብር ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ እየገባ ይጠጣ ነበርና።

አንበጣን በተመለከተ ትልቁ ቃል ያለው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። የአማርኛው ትንቢተ ኢዩኤል ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ እያለ አጥፊዎቹን በተርታ ይጠራቸዋል። ኩብኩባ የሚለው ቃል ዛሬም ክንፍ ላላወጣው፣ በእግሩ እየዘለለ ለሚሄደው የአንበጣ ልጅ የግብርና ባለሙያው የሚጠቀምበት ስም ነው። ንብ እጭ ሆና፣ በሰም ክዳን ሥር ታሽጋ ተኝታ፣ ሌላ ፍጥረት ሆና ትወጣለች፤ አንበጣ ግን ከእንቁላሉ ሲወጣ ጀምሮ አንበጣ ነው፣ ክንፉ ብቻ ይቀረዋል። አሁን የሚነገረው ታሪክ የዞረበት ስለሆነ ደግሞ ሌላ አንድ የመጽሐፍ ቦታ መታወስ አለበት። መጽሐፈ ምሳሌ በምድር ላይ ትናንሽ ሆነው እጅግ ጥበበኞች የሆኑትን ሲቆጥር አንበጣን አንዱ ያደርገዋል፤ ንጉሥ ሳይኖረው በሥርዓት ስለሚጓዝ። ለስብከት የሚጠቀሰው ኢዩኤል ነው፤ ይህ ቦታ እምብዛም አይጠቀስም። ንጉሥ ለሌለው ሥርዓት ምስጋና ማቅረብ ለብዙ ዘመን የሚመች ነገር አልነበረም።

አልቫሬዝ በአንበጣው ላይ የተወው ምስክርነት ከማሩ ይልቅ ረዘም ያለ ነው። በባሕረ ነጋሹ አገር፣ በደባርዋ በነበረበት ጊዜ መንጋው ፀሐይን ሸፍኖ መጣ። ሕዝቡ እንዲጸልይለት ለመነው። ቄሱ ምህላ አደረገ፤ ጥቂት አንበጦች አስይዞም በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ ባሕር፣ ወደ ተራራ ወይም ወደ እስላሞች አገር እንዲሄዱ የሚያዝና የሚያወግዝ ጽሑፍ አንብቦባቸው ለቀቃቸው፤ ለሌሎቹ እንዲያወሩ ይመስላል። ከዚያ ከባሕር በኩል ብርቱ ዝናብና በረድ መጥቶ አንበጣውን ፈጀው፣ ወንዞች በሬሳው ሞሉ። በዚህ ታሪክ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ቄሱ ያደረገው ነገር በቅርብ ሲታይ ይገርማል፤ አውራ የሌለውን ሠራዊት እንደ ባለ አውራ ሠራዊት አድርጎ ነው ያነጋገረው። ከመካከሉ ጥቂቶቹን መልእክተኛ አድርጎ ላከ። የሚደራደሩት ሲጠፋ ተደራዳሪ መፍጠር የሰው ጠባይ ነው።

ልመናው ወደ ባሕር ወይም ወደ ጎረቤት አገር ሂድ የሚል መሆኑም መታለፍ የለበትም። አንበጣው በርግጥ የሚመጣውም የሚሄደውም በዚያ ነው። የበረሃ አንበጣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ሁለት ዳርቻዎች መካከል እንደ ዝናቡ ወቅት የሚመላለስ መንገደኛ ነው፤ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከነፋስ ጋር ይበራል። ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በእግርና በጀልባ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩበትን ያንኑ መንገድ እሱ በተቃራኒው ያቋርጠዋል። እዚያ ማዶ ታሪኩ ሌላ ነው፤ በሳዑዲና በየመን ገበያዎች አንበጣ ተቀቅሎና ተጠብሶ የሚበላ፣ ወቅቱ ሲመጣ በከረጢት የሚሸጥ ምግብ ነው። ከደጋማው ኢትዮጵያ ወደ ሪያድ የሄደ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማው መጸየፍ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የደባርዋ ሰው ከተሰማው ፍርሃት ብዙም የራቀ አይደለም።

በሕዝቡ ትዝታ የአንበጣ ስም ከምንም በላይ የተሳሰረው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከነበረው ክፉ ቀን ጋር ነው። የዚያን ጊዜው ጥፋት የጀመረው በአንበጣ አልነበረም። በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች የተነሣው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ ማረስ ቆመ፤ ዝናቡ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ነው በተረፈው ጥቂት ቡቃያ ላይ አንበጣ፣ ተምችና አይጥ የመጡት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ዶማ ይዘው ቆፍረዋል ይባላል። አንበጣ ብቻውን አገር አይፈታም፤ ቀድሞ የተፈታ አገር ሲያገኝ ግን ይጨርሰዋል። በኋለኞቹም ዘመናት የታየው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ባላገሩ ራሱ ያውቀው የነበረ፣ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ግን ሊሉት የማይችሉት ነገር አለ። ደመወዝ የሌለው ሠራዊት በሚያልፍበት አገር ሁሉ ከባላገሩ ጎተራ ይበላ ነበር። የነገሥታቱ ተንቀሳቃሽ ከተማ በሰፈረበት እህሉንና እንጨቱን ሲጨርስ ተነሥቶ ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል። አፄ ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ ለማስተዳደር የሞከሩት ይህን በማየት ነበር፤ አልዘለቀላቸውም እንጂ። ስለዚህ በገበሬው ዓይን ሲታይ ማሩን የሚወስደውና እህሉን የሚበላው አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል። በአዳራሹ የንብን አውራ እያወደሰ ጠጁን የሚጠጣ መኰንን በማሳው ላይ ሲያልፍ አንበጣ ነበር።

ያ ሁሉ ምሳሌ የቆመበት መሠረት፣ ማለትም የንብ ንጉሥና የአንበጣ ሥርዓት አልባነት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማርቲን ሊንዳወር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት አጥኚ በሙኒክ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የንብ መንጋ ይመለከት ነበር። በመንጋው ላይ የሚጨፍሩት ንቦች ጥቀርሻና የጡብ ዱቄት ለብሰዋል። የአበባ ብናኝ ይዘው ከሚመለሱት ጋር አይመሳሰሉም። ቀስ ብሎ ገባው፤ እነዚህ በቦምብ በፈረሰችው ከተማ ጭስ ማውጫና ግድግዳ ውስጥ አዲስ ቤት ሲፈልጉ የዋሉ ቃፊሮች ናቸው። እያንዳንዷ ያገኘችውን ቤት በጭፈራዋ ታሳውቃለች፤ ሌሎች ሄደው አይተው ይመለሳሉ፤ የተሻለው ቤት ጨፋሪ እየበዛለት ይሄድና ክርክሩ ሲያልቅ መንጋው ይነሣል። አውራዋ በዚህ ሁሉ ድምፅ የላትም። በኋላ አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ ለዓመታት ተከታትሎ ይህን አጠናከረው። ቤቱን የሚመርጡት ሠራተኞቹ ናቸው፣ አዲስ አውራ የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው፣ የደከመችውንም የሚተኩት እነሱው። አውራዋ እንቁላል ትጥላለች፤ ሽታዋም መንጋውን ይሰበስባል። የላሊበላ ንቦች ንጉሥን አወቁ የሚለው ትውፊት በዚህ ዓይን ከታየ ሌላ ትርጉም ይወጣዋል፤ ንቦች ንጉሥን አይቀበሉም፣ ይሠራሉ።

በአንበጣው በኩል ያለው ግኝት ከዚህም ይበልጣል። ለሺህ ዓመታት ማንም ያልመለሰው ጥያቄ በሁለት መቅሠፍት መካከል አንበጣ የት ይሄዳል የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ከሩሲያ ግዛት ወጥቶ ለንደን የገባው ቦሪስ ኡቫሮቭ እንደ ሁለት ዝርያ ይቆጠሩ የነበሩት ብቸኛ ፌንጣና መንገደኛ አንበጣ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን አሳየ። የበረሃ አንበጣም እንዲሁ ነው። በደረቅ ዘመን አፈር መሳይ ቀለም ያለው፣ ከወገኑ የሚሸሽ፣ በሌሊት ለብቻው የሚበር ፌንጣ ነው። ዝናብ ጥሎ ሣር ሲበዛ ይራባል፤ ሣሩ ሲያልቅ የተረፈው ቁጥቋጦ ላይ ይጨናነቃል። የኋላ እግሮቹ በሌሎቹ ሲነኩ በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል፤ የሚሸሸውን ወገኑን መከተል ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይህን ለውጥ የሚያስነሣው ሴሮቶኒን የተባለው፣ በሰው አንጎልም ያለው ንጥረ ነገር መሆኑን አመለከተ። ልጆቹ ደግሞ ቢጫና ጥቁር ሆነው ይወለዳሉ። ክንፍ ሲያወጡ ሮዝ፣ ሲጎለምሱ ቢጫ ይሆናሉ።

ንጉሥ ሳይኖራቸው በሥርዓት የሚጓዙበት ምክንያትም ቢያንስ በከፊል ታውቋል፤ ጥበብ ለማለት የሚያስቸግር ነገር ነው። ኩብኩባዎች ጨውና ፕሮቲን ሲያጡ እርስ በርስ ይበላላሉ። የቆመ ከኋላው ይነከሳል፤ ስለዚህ ሁሉም ወደፊት ይሄዳል። ከሩቅ ለሚያይ ሰልፍ ነው፣ ከውስጥ ላለው ሽሽት። የእግዚአብሔር ሠራዊት ሲባል የኖረው እያንዳንዱ ከኋላው ካለው ወንድሙ የሚሸሽ ረኃብተኛ ነበር። ለታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል፣ ግን ምሳሌ ማብዛት ለነፍሳቱም አልበጃቸውም።

ዕውቀቱ ሲመጣ መሣሪያው ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ በአንበጣ ያጣችው እህል 167,000 ቶን ይገመታል፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነበር። በዚያው ጊዜ በትግራይ ከድርቅ ጋር ተደርቦ ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበት ረኃብ ተከሠተ። እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተቋቋመ። አንበጣ ድንበር አያውቅምና መከላከያውም ድንበር የለሽ እንዲሆን የታሰበ ድርጅት ነበር። አውሮፕላኖቹ በረሃው ላይ ዲልድሪን ረጩ። ዲልድሪን ከቅጠልና ከአፈር ላይ ለረጅም ጊዜ ስለማይጠፋ ኩብኩባን ለመፍጀት ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ በዚያው ባሕርዩ ምክንያት ደግሞ በኋላ ተከለከለ። የተተኩት ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስን የመሳሰሉት ቶሎ የሚበኑ መርዞች ናቸው። እነዚህ የነፍሳትን ነርቭ የሚያሽመደምዱ ሲሆኑ አንበጣን ከንብ አይለዩም። ለዘመናት ሰው በሁለቱ መካከል የጣለው የበረከትና የመርገም ድንበር ለመርዙ የለም።

ይህ ጉዳይ በደንብ የታየው በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ነው። ነገሩ የተጠነሰሰው ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በዓረቢያ ባዶ ምድር ላይ ዝናብ ባወረዱ ጊዜ ነው። ሰው በማይደርስበት አሸዋ ውስጥ አንበጣው ሦስት ትውልድ ተራባ፤ ጦርነት ወዳለባት የመን ገባ፣ እዚያም የሚያስቆመው አላገኘም፤ በ2011 ክረምት ባሕሩን ተሻገረ። በ2012 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መስተዋቱን መንጋ ሸፍኖበት አዲስ አበባ ለማረፍ ተገደደ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል፤ በቀን የሚበላውም 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ይፋ በሆነ የመንግሥትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ቅኝት 200,000 ሄክታር ማሳ እንደተጎዳ፣ 356,000 ቶን እህል እንደጠፋ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰውም አስቸኳይ የምግብ ርዳታ እንደሚፈልግ ተገለጸ። ከሁሉም የበለጠ የተበላው ማሽላ ነበር።

ሁለተኛው ዙር በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር 2013 ከአፋር ወደ ምሥራቅ ወሎ፣ ራያና ሐረርጌ ወጣ። ወሩ ልብ ይባል። ክረምት ሲወጣ፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍነው፣ ንብ የዓመቱን ትልቁን ሥራዋን የምትሠራበት ጊዜ ነው። ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ማሽላው የሚያፈራው፣ ጤፉ የሚያሸተውም ያኔ ነው። በክረምት በአፋር ሜዳ የተፈለፈለው አንበጣ ክንፍ አውጥቶ ወደ ተዳፋቱ የሚወጣውም ያኔ ነው። የቀን መቁጠሪያው ሁለቱን ነፍሳት በአንድ ማሳ ላይ በአንድ ሳምንት ያገናኛቸዋል። ገበሬው በጅራፍ፣ በቆርቆሮ ጩኸት፣ በፉጨትና በጭስ ያባርር ነበር፤ ያ ዘዴ ንብን አይገድልም፣ አንበጣውን ግን ወደ ጎረቤት ማሳ ከማሻገር አያልፍም። አውሮፕላንና በጀርባ የሚታዘል መርጫ ሲመጣ አንበጣው ወደቀ። ከርጭቱ በኋላ ቀፎ ደጃፍ ላይ ንቦች ረግፈው ያገኙ አናቢዎች ግን ጥቂት አልነበሩም።

ማንን መውቀስ ይቻላል? መርጨት አይገባም ነበር የሚል ሰው ማሽላው በአንድ ከሰዓት በኋላ አገዳ ብቻ ሆኖ የቀረበትን ገበሬ ፊት አላየም። የመርዙ ዕቃ ላይ የተጻፈው መመሪያ ራሱ አናቢዎች አስቀድመው እንዲነገራቸው፣ ቀፎ እንዲሸፈን ወይም እንዲነሣ፣ አበባ ባለበት እንዳይረጭ ይላል። ሆኖም መንጋ የሚረጨው በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ሳትሞቅና ሳይነሣ። ትናንት ማታ የት እንዳደረ የሚታወቀው ዛሬ ጠዋት ነው። በእነዚያ ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ለየቀፎው ባለቤት ማን ይደርሳል? ስልክ ያለው አንዱ ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም። እንደ ልማድ በዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ደግሞ በጠዋት ተሸክመው የሚያነሡት ነገር አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መንጋው ማሳ ላይ ከመድረሱ በፊት ወደነበሩት ሳምንታት።

በዚያው ጊዜ በሶማሊያ የተሞከረው መንገድ ይህን ያሳያል። አገሪቱ በብዛት የተጠቀመችው ሜታራይዚየም የተባለ፣ አንበጣንና ዘመዶቹን ብቻ የሚያጠቃ ሻጋታ ነው። ንብን አይነካም፣ ከብትም ሣሩን ቢበላ አይጎዳም። ድክመቱ ዝግተኛነቱ ነው፤ ለመግደል ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ክንፍ አውጥቶ ማሳ ላይ ላረፈ መንጋ አይሆንም፤ የሚያዋጣው በበረሃ ላለ ኩብኩባ ነው። ኩብኩባን በበረሃ ለማግኘት ደግሞ ሰው በበረሃ መኖር አለበት፤ ቃፊር፣ መኪና፣ ሬዲዮ፣ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር የሚያየውን ሰምቶ የሚያስተላልፍ ቢሮ። ለዚህ ገንዘብ የሚመደበው ግን መንጋው ፀሐይን በሸፈነ ዓመት ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ይረሳል። የ1954ቱ ስምምነት የወለደው ድርጅት አውሮፕላኖቹ አርጅተው፣ የአባል አገሮች መዋጮ ተከማችቶ ሳይከፈል ነው የ2012ቱ መንጋ የደረሰበት።

በብዛት በሚጠቀሱት የዚያ ዘመን የጉዳት ቁጥሮች ውስጥ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና የግጦሽ መሬት አሉ። ቀፎ የለም። የዚያን ዓመት ንቦቹ ያለቁበት አናቢ ያደረገው አያቶቹ ያደርጉት የነበረውን ነው። ባዶውን ቀፎ አውርዶ፣ ውስጡን በእበትና በአመድ ለስኖ፣ በወይራ ጭስ አጥኖ መልሶ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል፤ በሚቀጥለው መስከረም መንጋ ሲወጣ የሚያልፍ ካለ ሽታው ስቦት ይገባል። የሚያልፈው መንጋ የሚመጣው ከቅርብ ነው፣ ከጎረቤት ቀፎ ወይም ከገደል ዋሻ። በአካባቢው የተረፈ ከሌለ ቀፎው ባዶውን ይከርማል፤ ንብ እንደ አንበጣ ከየመን አትመጣም።